ደረቅ ወንዞቻችን ላይ የውሃ መለኪያ ይተከል

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ክረምት ሲቃረብ ስለ ጎርፍ የምታወጡትን ማሳሰቢያ ሁሌም አነባለሁ። «ነዋሪዎች አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲያደርጉ ተጠየቀ» ይላል። ደግ ነው። ግን አንድ የባጃጅ ሾፌር ከመልካ ጀብዱ ወደ ድሬዳዋ ሲመለስ መንገዱን ቡናማ ውሃ ዘግቶት ቢያገኝ ምን ያድርግ? ይግባ ወይስ ይቁም? የውሃውን ጥልቀት በምን ይወቅ? እኔ በማልፍባቸው መንገዶች ላይ ይህን የሚነግር ምልክት እስካሁን አላየሁም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚህ ነው።

ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግሁ፣ እዚሁ ጂኦግራፊ የማስተምር ሰው ነኝ። ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤት ሲዘጋ አሜሪካ ያሉ አብሮ አደጎቼ ጋ ሄጄ ነበር። ሦስቱም የሰፈሬ የከዚራ ልጆች ናቸው። አንዱ ላስ ቬጋስ ታክሲ ይነዳል። አንዷ ፊኒክስ ነርስ ናት። ሦስተኛው ከዴንቨር መጥቶ ተቀላቀለን። በአንድ መኪና ሆነን ኔቫዳን፣ አሪዞናንና ዩታን ዞርን። አገሩ በረሃ ነው። ወቅቱ ደግሞ እነሱ ሞንሱን የሚሉት የዝናብ ጊዜ ነበር። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ይቆያል፤ ከእኛ ክረምት ጋር ማለት ይቻላል አብሮ ይሄዳል።

ከመነሳታችን በፊት ነርሷ የመኪናውን ኋላ በውሃ ሞላችው። ለአንድ ሰው በቀን አራት ሊትር ያህል። በረሃ ለሚያቋርጥ ሰው እዚያ የሚሰጠው ምክር ይህ ነው። ሌሊቱን ሰምቡሳ ስንጠብስ አመሸን። ጠዋት በፔርሙስ ቅመም ሻይ ይዘን ወጣን።

ሁቨር ግድብን አየን። 221 ሜትር ከፍታ አለው። ከኋላው ባለው ሐይቅ ዳር፣ ቋጥኙ ላይ፣ ሰፊ ነጭ ቀለበት ይታያል። ውሃው ድሮ እስከ የት ደርሶ እንደነበር ከዚያ ይነበባል። ግራንድ ካንየንም ደረስን። ስለ እሱ ብዙ ተጽፏል፤ አልደግመውም። አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል የሚያልፍ ጥልቀት ያለውን ያንን ገደል የቆፈረው የኮሎራዶ ወንዝ መሆኑን ብቻ ልብ በሉልኝ። በረሃ ውስጥ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ውሃ ነው። ለተማሪዎቼ ሁሌም እላቸዋለሁ፤ እዚያ ቆሜ ግን ራሴም እንደ አዲስ ሰማሁት።

ኪንግማን የምትባለዋን ከተማ ለቀን ስንወጣ ሾፌራችን መሪውን በመዳፉ መታ። «ኧረ አቦ፣ ይሄ እኮ ሽንሌ ነው!» አለ። ነርሷ «ሽንሌ አይደለም፣ አዲጋላ ነው» አለችው። ሁለቱም ከድሬዳዋ በስተሰሜን ያሉ በረሃማ ቦታዎች ናቸው። በዚህ ስንት ኪሎ ሜትር ተከራከሩ። እውነታቸውን ነው። እንደ እኛ ያለ የግራር ዛፍ አላየሁም እንጂ መሬቱ ያው ነው። ያው ጠጠር፣ ያው ከርቀት ሰማያዊ የሚመስል ተራራ፣ ያው ዓይን የሚያጠብብ ብርሃን። ዝናብ ሲቃረብ ክሪዮሶት የሚሉት ቁጥቋጦ ሽታውን ይለቃል። የዴንቨሩ ጓደኛችን መስኮቱን ከፍቶ ዝም ብሎ ያሸት ነበር።

ዓይኔን የያዘው ግን ሌላ ነገር ነው። መኪናችን ትናንሽ ድልድዮችን ባለፈች ቁጥር አንድ ትንሽ አረንጓዴ ታፔላ አያለሁ። ላዩ ላይ የወንዙ ስም ተጽፏል። ወንዙ አንድ ጠብታ ውሃ የለውም። አሸዋ ብቻ ነው። ግን ስም አለው፣ ስሙም ለመንገደኛ ተጽፎለታል። እንዲህ ያለ አሸዋማ ወንዝ እኛ ጋ የአካባቢው ሰው ብቻ ያውቀዋል። ከአዲስ አበባ የመጣ የከባድ መኪና ሾፌር ምን ላይ እንደቆመ ሳያውቅ መኪናውን አቁሞ ጎማ ይቀይርበታል።

ድልድይ በሌለበት፣ መንገዱ ራሱ ወደ አሸዋው ወርዶ በሚሻገርበት ቦታ ደግሞ ሌላ ታፔላ አለ። ቢጫ ነው። ጎርፍ ሲኖር አትግባ ይላል። አንዳንዱ ቦታ አጠገቡ ቁጥር የተጻፈበት ነጭ ምሰሶ ቆሟል። መጀመሪያ ላይ ምሰሶውን አይቼ አለፍኩት። ጥቅሙ የገባኝ በኋላ ነው።

የናቫሆዎች አገር ገብተናል። ናቫሆዎች ከ70,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው መሬትና የራሳቸው አስተዳደር ያላቸው የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ናቸው። በግ ያረባሉ። ጥሩ የበግ ጥብስ ያለበት ቤት አለ ተብለን ከዋናው አስፋልት ወጥተን ወደ አንድ መንደር የሚወስድ መንገድ ያዝን። በላያችን ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ከሩቅ ተራራው ላይ ብቻ ጥቁር ደመና ተቀምጧል። መንገዱ ቁልቁል ወርዶ አንድ ሰፊ አሸዋ ያቋርጣል። ከፊታችን አንድ የጭነት ፒክአፕ ቆሟል። የሚነዳው ሽማግሌ ናቫሆ ነው። ሞተሩን አጥፍቷል። አሸዋው ደረቅ ነው። ለምን እንደቆመ አልገባንም። እጁን አውጥቶ ቁሙ አለን።

ጥቂት ደቂቃ ቆየን። መጀመሪያ የመጣው አረፋና ጭራሮ ነበር። ቀስ ብሎ፣ እየተንከባለለ፣ የአሸዋውን ወለል እየላሰ መጣ። ከኋላው ቀይ ውሃ ተከተለ። ቁርጭምጭሚት ያህል መሰለኝ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። ከሥር ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ይሰማል። የዛፍ ሥር፣ የመኪና ጎማ፣ የአጥር ሽቦ ይዞ ያልፋል። ነጩ ምሰሶ ላይ ውሃው «1» የሚለውን ቁጥር ነካው። በእነሱ ልኬት አንድ ጫማ፣ በእኛ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ነው።

ሾፌራችን ትዕግሥቱ አለቀ። «ይሄማ ይታለፋል፣ መኪናዋ ከፍ ያለች ናት» አለ። ሞተር አስነሳ። ነርሷ ትከሻውን ያዘችው። «ውሃውን አትይ። ቁጥሩን እይ» አለችው። አየ። ውሃው ከ«1» አልፎ ወደ «2» እየሄደ ነው። ሞተሩን አጠፋ። ሌላ ቃል አልተነጋገሩም። እኔን የነካኝ ይህ ነው። ያ ምሰሶ ባይኖር ኖሮ ክርክሩ ይቀጥል ነበር። አንዱ ደፋር፣ አንዷ ፈሪ ይባሉ ነበር። ማን እንደሚያሸንፍ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን፤ መሪውን የያዘው ነው። ቁጥሩ ፊታቸው ሲቆም ግን ማንም ማንንም መርታት አላስፈለገውም።

ሽማግሌውን ሰምቡሳ ጋበዝነው። በርበሬው በዛ ብሎት ሳቀ፤ ግን ጨረሰው። ውሃው እስኪወርድ አብረን ተቀመጥን። ሲጎድል መንገዱ ላይ ጭቃና ግንድ ትቶ ሄደ። አንድ ማሽን መጥቶ እስኪጠርግ ጠበቅን። ጥብሱን ሳንበላ ቀረን።

የአሜሪካ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ለሕዝብ የሚያስተምረው ቀላል ነገር አለ። የሚሮጥ ውሃ አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ሲሆን ሰው ይጥላል። ሠላሳ ሲሆን ትንሽ መኪና ይዞ ይሄዳል። ስልሳ ሲሆን አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው አያምኑም። ስለዚህ ሰሌዳ ላይ እናሰላዋለን። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል። የአንዲት ትንሽ መኪና ወለል ስድስት ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ውሃው ከወለሏ በላይ አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ሲል አንድ ሜትር ኩብ ይጠጋል፣ ማለትም መኪናዋን ራሷን የሚያህል ክብደት ያነሳል። ጎማዋ መሬቱን ይለቃል። ከዚያ በኋላ መሪም ፍሬንም አይሠራም። ባጃጅ ደግሞ ከመኪና በእጅጉ ይቀላል። ሦስት ልጅ ጭኖ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ባጃጅ ስንት ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል? ይህን ጥያቄ ለክፍሌ ከሰጠሁ ጀምሮ ልጆቹ ከውሃ ፊት የሚቆም ሾፌር ሲያዩ ይነግሩኛል።

አሪዞና ውስጥ በ1995 በፈረንጆች የወጣ ሕግም አለ። የተዘጋ መንገድ አልፎ ጎርፍ ውስጥ የገባ ሾፌር ነፍሱን ለማትረፍ የወጣውን ወጪ ሊከፍል ይችላል። ጓደኞቼ እኛም አገር ይህ ይውጣ አሉ። እኔ አልስማማም። መጀመሪያ ምልክቱ ይቁም። ምልክት ሳናቆም ሰው መቅጣት ግፍ ነው።

ፔጅ ከምትባል ከተማ አጠገብ አንቴሎፕ ካንየን አለ። ውሃ ድንጋዩን ሰንጥቆ የሠራው ጠባብ መተላለፊያ ነው። ግድግዳውን በሁለት እጅ ዘርግቶ መንካት የሚቻልበት ቦታ አለ። ያለ አስጎብኚ መግባት አይቻልም። የእኛ አስጎብኚ ወጣት ናቫሆ ነበረች። አንድ ቦታ ላይ ቆማ በጣቷ ወደ ላይ አሳየችን። ከራሳችን እጅግ ከፍ ብሎ ሁለቱ ግድግዳዎች መካከል አንድ ግንድ ተሰንቅሯል። ያን ግንድ እዚያ ያደረሰው ጎርፍ ነው። እኛ የቆምነው ከሥሩ ነው። በፈረንጆቹ ኦገስት 12 ቀን 1997 ታችኛው አንቴሎፕ ካንየን ውስጥ 11 ጎብኚዎች በጎርፍ ሞተዋል። ዝናቡ የወረደው ራቅ ብሎ ከላይ ነበር። ከሥር ያሉት የሞታቸውን ምክንያት አላዩትም። ዛሬ እዚያ በድንጋዩ ላይ የታሰረ የብረት ደረጃ አለ፤ አስጎብኚዎቹም የአየር ሁኔታውን በሬዲዮ ይከታተላሉ።

ወደ ዩታ ስንሻገር ሂልዴል የምትባል ትንሽ ከተማ ጥግ አለፍን። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 ሁለት መኪና ጎርፍ ወስዶ 13 እናቶችና ልጆች የሞቱባት ናት። በዚያው ቀን ብዙም ሳይርቅ ዛየን ፓርክ ውስጥ 7 ተጓዦች ሞተዋል። ይህን የምጽፈው ምልክት ያለበት አገር ሰው አይሞትም እንዳይባል ነው። ይሞታል። ግን ከእያንዳንዱ ሞት በኋላ አንድ ነገር ይጨምራሉ፣ ያስተካክላሉ። ዛየን ፓርክ ስንደርስ የዕለቱ የጎርፍ ዕድል በአራት ደረጃ ተለይቶ ለጎብኚው ይነገራል፦ አይጠበቅም፣ ሊኖር ይችላል፣ ሳይኖር አይቀርም፣ ይጠበቃል። ከእኛ ፊት የነበረ አንድ አባት ልጆቹን ይዞ ሰማዩን አየ። ፀሐይ ነው። የዕለቱን ደረጃ አነበበ። ልጆቹን ይዞ ተመለሰ።

አሁን ወደ ቤቴ ልመለስ።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ለሊት ከተማችንን የሚያቋርጠው ደረቅ ወንዝ፣ ደቻቱ፣ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ወሰደብን። ሕዝቡ ተኝቶ ነበር። ቀፊራና አሸዋ በሚባሉት ሰፈሮች የነበረ ሰው ያን ለሊት ሊነግራችሁ ሲጀምር ብዙ ጊዜ አይጨርሰውም። በመስከረም ስም ስጠራ ለአንዳንዱ ስም መልስ አልነበረም። ስሞቹን ከመዝገቡ ላይ መሰረዝ ነበረብኝ። እስክሪብቶውን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ልጆቹ ዝም ብለው ያዩኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳር ግድግዳ ተሠርቷል። ያደረጉት ሰዎች ይመስገኑ። ግድግዳ ግን ወንዙ ውስጥ ያለውን ሰው አያድንም። እኛ ደግሞ ወንዙ ውስጥ እንኖራለን። ቀፊራ በገበያ ቀን ውረዱና እዩ። ከገጠር በአህያ ማገዶ፣ ወተት፣ ቲማቲም የሚያመጡ እናቶች አሸዋው ላይ ተቀምጠዋል። ባጃጅ ይታጠባል። ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ግመሎች ያልፋሉ። እነዚህን እናቶች የሚቆጣ ሰው ብዙ ነው። «ምን አስቀመጣቸው?» ይላል። የሚያስቀምጣቸው ገበያው ነው። የተሻለ ጥላና ቦታ ያሳያቸው ሰው የለም። ላባርራቸው አልጽፍም። ውሃው ከመድረሱ በፊት እንዲነገራቸው ነው የምጽፈው።

ይህ ደግሞ የሚቻል ነገር ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ውሃው የሚነሳው ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነው የደንገጎ ደጋ ነው። መሬቱ ገደላማ ነው፣ ዛፉ ተመናምኗል፣ ዝናቡ ሳይሰርግ ይወርዳል። ስለዚህ ይፈጥናል። ቢሆንም በአንድ ጊዜ አይደርስም። ደንገጎ ላይ ሰማዩ ሲጠቁር ቀፊራ ፀሐይ ናት። በመካከሉ ያለችው ሰዓት ሕይወት ናት። ደንገጎ ላይ ሱቅ አለ፣ ስልክ አለ፣ ሰው አለ። ዝናቡ ሲበረታ አንድ ሰው ደውሎ ለቀፊራ መስጊድና ለቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ፣ ለባጃጅ ተራ አስከባሪዎች ቢናገር ወንዙ ውስጥ ያለው ሰው እቃውን ሰብስቦ ይወጣል። አዛን የሚሰማው ሰው ሁሉ ይህንንም ይሰማል።

ከከተማ ውጭ ላሉ መሻገሪያዎች ደግሞ ምሰሶ ይተከል። ከድሬ ወደ መልካ ጀብዱና ወደ ኤረር በሚወስዱት መንገዶች፣ ወደ ገጠር ቀበሌዎቹ በሚገቡት ጥርጊያዎች፣ መንገዱ አሸዋ በሚያቋርጥበት ሁሉ። ብረት ነው። ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ላይ ቢጫ፣ ስልሳ ላይ ቀይ ይቀባ። ማንበብ የማይችል ሰውም ቀይ ያውቃል። የወንዙ ስም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ይጻፍ። በሦስቱም የምንነጋገር ሰዎች ነን፤ ታፔላውም እንደኛ ይናገር። በቀን ብቻ ሳይሆን በማታ መብራት እንዲታይ የሚያበራ ቀለም ይሁን፤ የ1998ቱ ጎርፍ በጨለማ ነው የመጣው። ወደ ደወሌ የሚሄደው የክፍያ መንገድ የራሱ ድልድዮች አሉት፤ እኔ የሚያሳስቡኝ ድልድይ የሌላቸው ናቸው።

ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የእኔ የድሮ ተማሪዎች ብየዳ ቤት አላቸው። ጉልበታችንን በነጻ እንሰጣለን ብለውኛል። አብረን በረሃውን የዞርነው ሦስቱ ጓደኞቼ የብረቱንና የቀለሙን ዋጋ እንችላለን አሉ። ሾፌሩ በየሳምንቱ እየደወለ «ምሰሶው የት ደረሰ?» ይለኛል። ተማሪዎቼ የመሻገሪያዎቹን ካርታ በእጃቸው ሠርተዋል። አያቶቻቸውን ጠይቀው የየወንዙን ስም፣ ውሃው በየትኛው ዓመት እስከ የትኛው ድንጋይ እንደደረሰ መዝግበዋል። ካርታው የሚያሳፍር አይደለም። ፈቃድ የሚሰጠው አካል ቢጠይቀኝ ነገውኑ ይዤ እቀርባለሁ።

የጎደለን ፈቃዱ ነው። መንገድ ዳር ምሰሶ ለመትከል ማመልከቻ የት እንደሚገባ ጠይቄ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ተልኬያለሁ። ማንንም ለመውቀስ አልጻፍኩም። እዚያ የሚሠሩትም የዚሁ ከተማ ልጆች ናቸው፤ ያን ለሊት እነሱም ሰው አጥተዋል። ስለዚህ ጋዜጣችሁን የማነብ ብቻ ሳልሆን የምለምንም ነኝ። ይህን ደብዳቤ ሐምሌ ሳይገባ አውጡልኝ። ጉዳዩ የሚመለከተው ኃላፊ ካነበበው በጋዜጣችሁ በኩል ይመልስልኝ። የመንገድ መሐንዲስ የሆነ አንባቢ ካለ ደግሞ ምሰሶው ምን ያህል መሬት ውስጥ መግባት እንዳለበት፣ ጎርፉ ይዞት እንዳይሄድ መሠረቱ እንዴት እንደሚሠራ ይጻፍልን። እኛ ብየዳውን እናውቃለን፤ መሠረቱን ግን የሚያውቅ ሰው ያስፈልገናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጂኦግራፊ መምህርት
ከዚራ፣ ድሬዳዋ